አባታቸው በድንገት ላረፈባቸው የሞንግ ጎረቤቶቻችን

የሞንግ አባት ሲያርፍ ሽማግሌዎች ልጆቹን ቀድመው ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ «የት የት ኖሯል?» የሚለው ነው። በነባሩ የሞንግ እምነት ነፍስ ወደ አያት ቅድመ አያቶቿ የምትደርሰው የመጣችበትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሳ ነው። ካረፈበት ቤት ተነስታ፣ የኖረባቸውን ከተሞችና መንደሮች አንድ በአንድ አልፋ፣ የእንግዴ ልጁ እስከተቀበረበት ቤት ድረስ ትሄዳለች፤ ወንድ ከሆነ እንግዴ ልጁ የሚቀበረው ቤቱን በተሸከመው ምሰሶ ሥር ነው። መንገዱን እየጠራ የሚሸኛት ሰው ጺ ታው ኬ ይባላል፣ መንገድ አሳዪው። ከአስከሬኑ አጠገብ ሆኖ ሰዓታት በሚፈጅ ዜማ እያንዳንዱን ቦታ በስሙ ይጠራል፤ ሟቹ ለጠጣው ውሃ፣ ላነደደው ማገዶ፣ ለተጠለለበት ጣሪያ የየቦታውን መናፍስት ያመሰግናል። አንድ ቦታ ከተዘለለ መንገዱ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

አባት ታሞ ከቆየ ልጆች አጠገቡ ተቀምጠው ይጠይቁታል። ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት ካልተነሳ ግን፣ ወይም ከሥራ ሳይመለስ ከቀረ፣ የሕይወቱን መንገድ የሚያውቀው ሰው አብሮት ሄዷል። የአሜሪካ ልጆቹ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የመጨረሻውን ቤትና ከእሱ በፊት የነበረውን ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤተሰብን መርዳት የሚጀምረው ከአንድ ወረቀትና ከብዙ ስልክ ይመስለኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሞንጎች በደቡብ ቻይና፣ በላኦስ፣ በቬትናምና በታይላንድ ተራሮች የኖሩ ሕዝብ ናቸው። በላኦስ ብዙዎቹ በጄኔራል ቫንግ ፓኦ ሥር ሆነው በአሜሪካው ሲአይኤ እየተደገፉ ተዋጉ፤ በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የላኦስ መንግሥት ሲወድቅ ሜኮንግ ወንዝን እየተሻገሩ ታይላንድ ገቡ። ከባን ቪናይና ከመሳሰሉት ካምፖች ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ አልፎም ወደ ፈረንሳይ ጉያና ተበተኑ። በትልቅ ቁጥር የመጡት የመጨረሻዎቹ ከ2004 ጀምሮ በታይላንድ ካለው የዋት ታም ክራቦክ ገዳም የተወሰዱት ናቸው። በ2010 የአሜሪካ ቆጠራ በአገሪቱ 260,000 ገደማ ሞንጎች ሲኖሩ፣ ከእነሱ ወደ 64,000 የሚሆኑት በሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ አካባቢ ነበሩ። ሚኒሶታ የብዙ ሐበሾችም ቤት ነው። በፋብሪካው መስመር ላይ፣ በአረጋውያን መጦሪያው የሌሊት ፈረቃ፣ በልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ ከሞንጎች ጋር ጎን ለጎን እንቆማለን።

ለቅሶ መድረስ የምናውቀው ነገር ነው። የሚያስተን የጊዜው አቆጣጠር ነው። እኛ የለመድነው ወሬው እንደተሰማ መሮጥ፣ ቶሎ መቅበር፣ ከዚያ በሰልስት ድንኳን ማንሳት ነው። የሞንግ ቀብር ከሞቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ ሥርዓቱ ራሱ ከዓርብ እስከ ሰኞ ሌት ተቀን ይካሄዳል። ከበሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚመታበት፣ ለመቶዎች ሰው የሚበስልበት ወጥ ቤት ያለው ፊውነራል ሆም (የቀብር አገልግሎት ቤት) ጥቂት ስለሆነ ቤተሰቡ ወረፋ ይጠብቃል። ባልደረቦች ግን በሦስተኛው ቀን አበባ ልከው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሁሉ ይከብዳሉ። ሰው በድንገት ቤት ውስጥ ሲሞት ፖሊስ ይመጣል፤ የሞት ምክንያትን ከሚመረምረው ከሜዲካል ኤግዛሚነር ቢሮም መርማሪ ይደውላል ወይም ይመጣል። የሞት ምክንያቱ ካልታወቀ ቢሮው አስከሬኑን ከፍቶ ሊመረምር ይችላል። ብዙ ሞንጎች ደግሞ የተከፈተ አካል ነፍስን እንደሚጎዳ፣ ተመልሳ ስትወለድም ጉድለቱን ይዛ እንደምትመጣ ያምናሉ። በሮድ አይላንድ አንድ የሞንግ ቤተሰብ የልጃቸው አስከሬን ያለ ፈቃዳቸው በመከፈቱ ከሰሰ፤ ዳኛው በ1990 መጀመሪያ ፈረዱላቸው፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ግን እያዘኑ ፍርዱን ለመሻር ተገደዱ። በሚኒሶታ ከ2015 ወዲህ ሕጉ ለሃይማኖታዊ ተቃውሞ ቦታ ይሰጣል፤ ወንጀል ሲጠረጠር ወይም ሌላ አስገዳጅ የሕዝብ ጉዳይ ሲኖር ግን ምርመራው ሊካሄድ ይችላል።

ይህ መብት የሚጠቅመው ቶሎ ሲነገር ነው። ለአምቡላንሱ ሠራተኛ ወይም ለፖሊሱ መንገር አይበቃም። ሚስት ወይም ትልቅ ልጅ የመርማሪውን ስምና የጉዳዩን ቁጥር ጽፎ ይዞ «ሃይማኖታችን አስከሬን መክፈትን አይፈቅድም፤ ተቃውሟችን በመዝገቡ ላይ ይጻፍልን» ብሎ ለራሱ ለመርማሪው መናገር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እናት ደንግጣ ስትቀር፣ ልጅ ትምህርት ቤት እያለ፣ አስተርጓሚ ሳይገኝ ሰዓቱ በማለፉ ነው። አጠገባቸው ያለ እንግሊዝኛ የሚችል ጎረቤት ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ነገር ይህን ስልክ ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ መደወል ነው። ሳይከፍቱ የሚደረግ ምርመራም አለ፤ የውጭ አካል ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ የደም ምርመራ። በዚያው ስልክ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው በኢዲቲኤ ቱቦ ለዘረመል ምርመራ የሚሆን ደም ተቀድቶ እንዲቀመጥ።

ምክንያቱም ይህ ነው። በ1981 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በመጡ ስደተኞች መካከል ጤነኛ የሚመስሉ ወንዶች በእንቅልፋቸው እየሞቱ መሆኑን አሳወቀ። አብዛኞቹ ወጣት ሞንጎች ነበሩ። ሽማግሌዎች ደረት ላይ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያሳጣውን ዳ ቾ የተባለ ክፉ መንፈስ ያነሳሉ፤ ሐኪሞች በ1992 ብሩጋዳ ብለው ከገለጹት፣ በዘር ከሚተላለፍ የልብ ኤሌክትሪክ ችግር ጋር ያያይዙታል። ዛሬ ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሞት የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካምና ስትሮክ ይበልጥ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። ሆኖም በደህና ጤንነት የተኛ የሃምሳ ዓመት ሰው ሳይነሳ ከቀረ የልጆቹና የወንድሞቹ ልብ በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) መታየት አለበት። ብሩጋዳ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ እስከ 50 በመቶ ነው። አንድ ጊዜ የተነሳ ኢሲጂ ደህና መሆኑ ነገሩን አይዘጋውም፤ ችግሩ ታይቶ የሚጠፋ፣ ትኩሳት ሲኖር ደግሞ የሚጎላ ነው። ለሐኪሙ «አባቴ በእንቅልፍ ላይ በድንገት ሞተ» ብሎ በቀጥታ መናገር ተራውን ቀጠሮ ወደ ልብ ስፔሻሊስት ቀጠሮ ይቀይረዋል። ልጆቹ መተኛት ፈርተው ሌሊቱን ስልክ ላይ ቢያሳልፉም አትቆጧቸው፤ ፍርሃታቸው መሠረት አለው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ቤተሰቡ ፊውነራል ሆም የሚጠብቅበት ጊዜ ለዚህ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ከላይ የሚጻፈው የመጨረሻው አድራሻ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን ከመቼ እስከ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን እየሠራ የሚል ይጨመርበታል። የዚያ ትውልድ ሰው መንገድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ሴንት ፖል ምሥራቁ ሰፈር፣ ከዚያ በፊት በዚያው ከተማ ፍሮግታውን በተባለው ሰፈር የተከራዩት ፎቅ፣ ከዚያ በፊት የካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ፣ ከአውሮፕላኑ በፊት የመሸጋገሪያው ካምፕ ፋናት ኒኮም፣ ባን ቪናይ፣ የሜኮንግ ዳር፣ በጫካ የተደበቁባቸው ወራት፣ የቫንግ ፓኦ ጦር ሰፈር የነበረችው ሎንግ ቼንግ፣ በመጨረሻም የተወለደባት መንደር። ልጆች በአብዛኛው ከፍሮግታውን በታች ያለውን አያውቁትም።

የጎደለውን የሚሞሉት ሰዎችና ወረቀቶች ናቸው። ከሁሉ በፊት ታላቅ እህቱ፣ ካለች። ሞንግ ሴት ስታገባ ወደ ባሏ ጎሳ ስለምትገባ የሰፈሩ ዘመዶች መጀመሪያ የሚያስቧት እሷን ላይሆን ይችላል፤ እሷ ግን ሕፃንነቱን ታስታውሳለች። ከዚያ አብረውት ሜኮንግን የተሻገሩ ሰዎች። አንዳንዶቹ ፈረንሳይ፣ አንዳንዶቹም በ1977 ሞንጎች በሰፈሩባት በጉያናዋ ካካኦ መንደር ይኖራሉ፤ ለእነሱ ሲደወል የሰዓቱን ልዩነት ማስላት ነው። ወረቀት ከሆነ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይዘው የተነሱት የካምፕ ፎቶ፣ አይ-94 የተባለው የመግቢያ ካርድ፣ ደብሊው-2 የተባለው የድሮ የደመወዝና የግብር ወረቀት፣ የኪራይ ውል። ስደተኞቹ በካምፕና በአሜሪካ መካከል ድምፃቸውን በካሴት እየቀዱ ይላላኩ ነበር፤ ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ያለ ካሴት ካለ የመንደሩ ስም በአባትየው በራሱ ድምፅ ሊገኝበት ይችላል። ካሴቱን በአሮጌ ማጫወቻ ደጋግሞ ከማሰማት አስቀድሞ መገልበጥ ይሻላል፤ ክሩ ከደረቀ ይበጠሳል። ሙሉ የኢሚግሬሽን ፋይሉን ልጆቹ የሞት ምስክር ወረቀት አያይዘው ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከዩኤስሲአይኤስ መጠየቅ ይችላሉ። ለቀብሩ አይደርስም፤ ግን ለልጅ ልጆቹ የሚቀመጥ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሐበሻ ስደተኛም የሚያውቀው ጣጣ ይመጣል። ብዙዎቹ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላ ነው፤ ዕድሜያቸውም ካምፕ ውስጥ ተቀንሶ ወይም ተጨምሮ ይሆናል። ስሙም ሁለት ነው፤ ሞንግ ወንድ አግብቶ ልጅ ሲወልድ የአዋቂ ስም ይጨመርለታል፣ ሽማግሌዎች የሚጠሩት በዚያ ነው። ለመንገድ አሳዪው ሽማግሌዎች የሚያውቁት ስም ይነገረዋል። ለሞት ምስክር ወረቀቱ ግን በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ያለው ስምና የልደት ቀን ብቻ፣ ፊደል በፊደል። ቤተሰቡ «እውነተኛው» ዕድሜ ይህ ነው ብሎ ካስተካከለው ኢንሹራንሱና ጡረታው ለወራት ሊጓተት ይችላል። የምስክር ወረቀቱን ከስምንት እስከ አሥር ቅጂ አንድ ላይ ማዘዝ በኋላ ከመመላለስ ያድናል።

ከሥርዓቱ በፊት ቤተሰቡ ካ ስ የሚባሉ አስተባባሪዎችን ይሾማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። እድር ለሚያውቅ ሰው የእድሩን ዳኛ ቢያስብ አይሳሳትም። ገንዘቡ፣ ምግቡ፣ የእንግዳው ሰዓት በእነሱ በኩል ያልፋል። የጎሳው ስም አንድ መሆኑ አይበቃም፤ በአንድ ስም ሥር ያሉ ቤተሰቦች የሥርዓት አካሄዳቸው ሊለያይ ስለሚችል መንገድ አሳዪው የዚያን ቤት አካሄድ የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህን ምርጫ ለእነሱ ተዉላቸው። ጎረቤት የሚያዋጣው ሌላ ነው። ቤቱ በየማታው በሰው ይሞላል። ባለ 50 ፓውንድ የጃስሚን ሩዝ ከረጢት፣ ውሃ በካርቶን፣ የወረቀት ሳህን፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ሶፍት፣ ፍራፍሬ። ክረምት ከሆነ በረዶውን መጥረግና መኪና ማቆሚያችሁን ለእንግዶቹ መልቀቅ። ትንንሾቹን ትምህርት ቤት ማድረስ። እናቲቱን «ምን ላምጣ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ሥራ እንደ መስጠት ነው፤ የሚጠየቀው ካ ስ ነው።

ስለ ግንዘቱ አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ። በነባሩ ሥርዓት ብረት ከሟቹ ጋር መቀበር የለበትም። ልብሱ ከቃጫ ክር የተሸመነ ባህላዊ ልብስ ነው፤ ጫማውም የቃጫ፣ በመንገዱ ላይ ያለውን አስፈሪ ተራራ የሚያልፍበት። ሣጥኑ ያለ ሚስማር የተገጠመ እንጨት ነው። ዚፕ፣ የብረት ቁልፍ፣ ቀለበት፣ ሰዓት ሁሉ ይወጣል፤ ልብ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ካለ ለፊውነራል ሆሙ አስቀድሞ ይነገራል። ሐበሻ ወዳጅ በፍቅር ተነሳስቶ የአንገት መስቀል ወይም ሳንቲም ሣጥኑ ውስጥ ሊያኖር ይችላል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፊውነራል ሆሙ እንዲህ ያለ ሣጥን ከሌለው ቤተሰቡ ከውጭ ገዝቶ ማምጣት ይችላል። ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌደራል ደንብ ዝርዝር ዋጋ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ከውጭ የመጣ ሣጥን አልቀበልም ማለትም ሆነ በእሱ ምክንያት ተጨማሪ ማስከፈል አይፈቀድም። ሐዘንተኛ ሰው ይህን ለመከራከር አቅም የለውም፤ አብሮ ሄዶ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል።

ሟቹ በጦርነቱ የተዋጋና በ2000 በወጣው የሞንግ ወታደሮች የዜግነት ሕግ አሜሪካዊ የሆነ ከሆነ፣ ከማርች 23፣ 2018 ወዲህ ላረፉት በብሔራዊ የጦር መቃብር የመቀበር መብት አለ፤ በሚኒሶታ ፎርት ስኔሊንግ ማለት ነው። ቦታው፣ ቁፋሮውና የመቃብር ድንጋዩ በነጻ ነው። የዜግነት ወረቀቱን ቶሎ መፈለግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ የመቃብር ቦታ ከተገዛ በኋላ ማወቁ ብዙ አይጠቅምም።

ወደ ሥርዓቱ ስትሄዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቀን ይመረጣል። ዓርብ ጠዋት መንገድ ማሳየቱ ነው፤ ከዚያ ከበሮውና ቄንግ ይቀጥላሉ። ቄንግ ስድስት የቀርከሃ ቱቦ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ዜማው ቃል አለው፣ ለሟቹ የሚናገር ነው። ነፊው እየተሽከረከረ በከበሮው ዙሪያ ስለሚዞር አካባቢውን ክፍት ተዉለት፣ ከበሮውንም አትንኩ። በር ላይ ጠረጴዛ አለ፤ የሚሰጠው ገንዘብ ከሰጪው ስም ጋር በመዝገብ ይጻፋል፣ ምክንያቱም ያ ቤተሰብ ነገ በእናንተ ሐዘን ይመልሰዋል። ፖስታው ላይ ሙሉ ስማችሁን፣ ስልካችሁንና ሟቹን የት እንደምታውቁት በግልጽ ጻፉ። የሥራ ባልደረቦች ካዋጣችሁ አንድ ፖስታ አድርጉትና የሁላችሁን ስም ዝርዝር ውስጡ አስገቡ። ልጆቹ ሊያመሰግኗችሁ ተንበርክከው ይሰግዳሉ። አትደንግጡ፣ ለፎቶም ስልክ አታውጡ፤ ቆማችሁ ተቀበሉና እንዲነሱ በእጃችሁ ጋብዟቸው።

እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ለአባቱ ላም ወይም በሬ ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ በአሜሪካ ዕርዱ በቄራ ተፈጽሞ ሥጋው ይመጣል። ለእንግዳ የሚቀርበው ማዕድ በሥጋ የተሞላ ነው። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም የዕርዱ ነገር ጥያቄ እንደሚሆን ግልጽ ነው፤ የጾም ወቅትም ሊሆን ይችላል። ሳህን ከመጣ በኋላ ከመግፋት ስትገቡ ለካ ስ ወይም ለአንዱ ልጅ «በሃይማኖታችን ምክንያት ሥጋ አንበላም፣ ሩዝና ፍራፍሬ ይበቃናል» ብሎ መናገር ነው። ሞንጎች የእምነት ክልከላ የሚገባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሳይነገራቸው የተተወ ማዕድ ግን ያሳዝናቸዋል። መጠጥም እንዲሁ። ሳይቀምሱ መሄዱ ጥሩ አይደለም፤ ተቀምጣችሁ ሩዙን ብሉ።

እሑድ ሌሊት ልጆቹ ዕጣን ይዘው ተንበርክከው የሽማግሌውን የምክርና የምርቃት ዜማ ለሰዓታት ያዳምጣሉ። ሰኞ ቀብር ነው። ከወንዶቹ ልጆች የአንዱ ጓደኛ ከሆናችሁ የምትጠቅሙት ሰኞ ማታ ነው፤ አራት ቀን ያልተኛ ሰው መኪና እንዳይነዳ።

ይህ ሁሉ የነባሩ እምነት ሥርዓት ነው። ክርስቲያን ሞንጎችም ብዙ ናቸው፣ በተለይ ክርስቲያን ኤንድ ሚሽነሪ አሊያንስ በተባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሥር። በእነሱ ዘንድ ከበሮም፣ ቄንግም፣ ለነፍስ ተብሎ የሚቃጠል የወረቀት ገንዘብም የለም፤ ጊዜውም ያጥራል። አባት በነባሩ እምነት ኖሮ ልጆች ክርስቲያን የሆኑበት ቤት ውስጥ ደግሞ ወንድማማቾች በቀብሩ አካሄድ ሊጋጩ ይችላሉ። እዚያ መሐል አስተያየት መስጠት የጎረቤት ድርሻ አይደለም። ከመሄድ በፊት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

ስለ ገንዘብ። ወጪው በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ሸክሙ በወንዶች ልጆች ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ገና ኮሌጅ ባሉ። የኦንላይን መዋጮ ከከፈታችሁ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። እናቲቱ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የፌደራል ድጎማ) የምታገኝ ከሆነ ከ2,000 ዶላር በላይ በስሟ ሲቀመጥ ድጎማው ይቋረጣል፤ የሕክምና ሽፋኗም ሊነካ ይችላል። ገንዘቡን በቀጥታ ለፊውነራል ሆሙ መክፈል ይህን ያስቀራል። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ካውንቲው የቀብር ድጋፍ አለው፤ ማመልከቻው ውል ከመፈረሙ በፊት ይገባል፣ የሚሸፍነውም መሠረታዊውን ብቻ ነው።

ከቀብሩ በኋላ የሚመጣው የቢሮ ሥራ እንደ ቀብሩ ብዙ ሰው አይሰበሰብበትም፤ እኔ ከሁሉ የምሰጋው ለዚህኛው ነው። የመንግሥት ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ልጆች፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ካሉም እስከ 19፣ አባታቸው ሊያገኝ ይችል ከነበረው ጡረታ እስከ 75 በመቶ ለእያንዳንዳቸው ይከፍላል። ከ16 ዓመት በታች ልጅ የምታሳድግ ሚስትም እንዲሁ። ለቤተሰቡ በአንድነት ጣሪያ አለው፤ ከጡረታው 150 እስከ 180 በመቶ። ማመልከቻው በስልክ ወይም በቢሮ ነው፣ በኢንተርኔት አይሞላም። ቀጠሮ ለመያዝ ሐዘኑ እስኪበርድ መጠበቅ ገንዘብ ያስቀራል፤ ለዘገየው ጊዜ ሁሉ ወደ ኋላ አይከፈልም።

የሞንግ ሚስቶች እዚህ ላይ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ብዙ ባልና ሚስት የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ ጥሎሽ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ጎሳዎች ተስማምተው፣ ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት። ሚኒሶታ ደግሞ ከ1941 ወዲህ ያለ ፈቃድ ወረቀት የተመሠረተ ትዳርን አትቀበልም። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት «ሚስቱ አይደለሽም» ትባላለች። ጋብቻው በላኦስ ወይም በታይላንድ የተፈጸመ ከሆነ በዚያ አገር ሕግ መጽናቱ ስለሚታይ በር አለ። የስደተኛ ፋይሉ ላይ ሚስት ተብላ መመዝገቧ፣ የጋብቻው ሽማግሌዎች የፈረሙት የምስክርነት ቃል፣ አብረው የሞሉት የግብር ወረቀት ይቀርባል። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። የልጆቹ መብት ግን በወላጆቻቸው ጋብቻ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም፤ አባትነቱ ከተረጋገጠ ይከፈላቸዋል። በሽማግሌ ብቻ ተጋብታችሁ በአሜሪካ የምትኖሩ ሐበሾች ካላችሁ፣ ይህን አንቀጽ ለራሳችሁም አንብቡት።

የጤና መድኅኑ በአባትየው ሥራ በኩል ከነበረ፣ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ኮብራ በተባለው ሕግ ቤተሰቡ እየከፈለ ለ36 ወር እንዲቀጥል ማቅረብ አለበት፤ መምረጫው 60 ቀን ነው። የሚኒሶታ የጤና መድኅን ገበያ በሆነው በኤምኤንሹር ሌላ መድኅን ለመግዛትም 60 ቀን አለ። ኮብራ ውድ ስለሆነ ሁለቱን አወዳድሮ መያዝ ነው። የአባትየውን ስልክ ግን ቶሎ አታዘጉ። የባንኩ፣ የመብራቱ፣ የኢሜይሉ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእሱ ነው፤ የድምፅ መልእክቶቹም እዚያ ናቸው፣ መስመሩ ሲዘጋ ይጠፋሉ።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከቤቱ ውጭ አሉ። ብዙ የሞንግ አባቶች እርሻ አላቸው፤ በሴንት ፖል ገበያ የሚሸጠው ቀይ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ዱባና መራራው ኪያር ከእነሱ የሚመጣ ነው። ሞቱ ነሐሴ ላይ ከሆነ ሰብሉ ቤተሰቡ ፊውነራል ሆም እያለ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። አራት ሰው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወርዶ ለቅሞ ገበያ ቢያደርስላቸው፣ ለዚያ ወር የቤት ክፍያ ሊተርፍ ይችላል። ሌላው አደን ነው። ኅዳር ላይ ለአጋዘን የሚወጣ አባት ጠመንጃ ቤት ውስጥ አለው፤ ቁልፉን የሚያውቀውም እሱ ነበር። ያዘነ ጎረምሳ ባለበት ቤት የጦር መሣሪያው የት እንደሆነና መቆለፉን ከአጎቶቹ አንዱ እንዲያረጋግጥ በግልጽ ንገሩት። ይህን ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

ከቀብሩ በ13ኛው ቀን ነፍስ ወደ ቤት ተጋብዛ የምትመገብበት ሥርዓት አለ። በመጨረሻ፣ ብዙ ጊዜ ከዓመት ገደማ በኋላ፣ ቾ ፕሊ ይደረጋል፤ ነፍስ የምትለቀቅበት ነው። እንደገና ሰው ይጠራል፣ እንደገና ወጪ አለ። ቀኑን ከካ ስ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ አስገቡት፣ ፈረቃችሁንም አስቀድማችሁ ቀይሩ፤ ለቀብሩ ከመጡት ባልደረቦች ለዚህኛው የሚመጡት ጥቂት ናቸው። በመሃል ባሉት ወራት ሊታይ የሚገባው የፖስታ ሳጥኑ ነው። ታናሹ ልጅ 18 ሊሞላው ሲል ሶሻል ሴኩሪቲ ትምህርት ቤቱ የሚፈርምበትን ቅጽ ይልካል። ቅጹ ተሞልቶ ካልተመለሰ፣ ልጁ ገና 12ኛ ክፍል ቢሆንም፣ ክፍያው በ18 ዓመቱ ይቆማል።